መስመር 17 እና መስመር 20፦ ባለ ትራክ ሆኜ ታክስ ላይ ያጠፋሁት

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ከመጣሁ በኋላ ጥቂት ዓመት ፓርኪንግ ሠራሁ፤ ከዚያ ሲዲኤል፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አውጥቼ ለአንድ ኩባንያ በደመወዝ ነዳሁ። እስከዚያ ድረስ ታክስ ማለት ለእኔ ዳብሊው ቱ የሚባለውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት ይዞ ሄዶ ሪፈንድ መጠበቅ ነበር። ኢንሹራንሱም ጡረታውም ከቼኬ ላይ ይቆረጣል፤ ማን እንደሚቆርጠው፣ ለምን እንደሚቆርጠው ጠይቄ አላውቅም። በ2021 መጀመሪያ የሰው ትራክ በ1099፣ ማለትም እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን በራሱ እንደሚሠራ ሰው፣ መንዳት ስጀምር ሁለቱም በአንድ ቀን ቆሙ። ኢንሹራንስ የለም፣ ጡረታ የለም፤ ያለው ወፈር ያለ ቼክ ነው። ያታለለኝም እሱው ቼክ ነው።

ልጃችን ገና ሁለት ዓመቷ ስለነበር ያለ ኢንሹራንስ መሰንበት አልቻልንም። አንድ ወኪል በስልክ አነጋገረኝ፤ መንገድ ላይ ሆኜ እሺ እሺ እያልኩ በወር 890 ዶላር የሚከፈልበት ገዛሁ። ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን የሚባለውን የስቴቱን ገበያ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። ከዚያ ገበያ ውጭ የተገዛ ኢንሹራንስ የፌዴራል ድጎማ አይታሰብለትም። ለእኛ ድጎማው ይደርሰን እንደነበር አሁን ላይ ሆኜ መቆጨት አልፈልግም፤ ግን ገና በ1099 የምትጀምሩ ሰዎች፣ ወኪሉ የሚሸጥላችሁ ከገበያው ውስጥ ይሁን ከውጭ በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁት።

ታክሱን የሚሠሩልኝ አንድ ጋሼ ነበሩ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ። ደረሰኞቼን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። «የጤና ኢንሹራንሱስ ጋሼ?» አልኳቸው። «ያው ሜዲካል ነው፣ አስገብቼዋለሁ» አሉኝ፤ ፈረምኩና ወጣሁ። አልዋሹኝም፤ በእርግጥ አስገብተውታል። ያስገቡት ግን እንደ ማንኛውም ሰው የሕክምና ወጪ ስኬጁል ኤ ላይ ነበር። ስኬጁል ኤ፣ ወጪ በዝርዝር የሚጻፍበት ወረቀት፣ ደግሞ ለሁሉም በደፈናው ከሚቀነሰው ስታንዳርድ ዲዳክሽን ሲበልጥ ብቻ ነው የሚጠቅመው። በዚያ ዓመት የባልና ሚስት ስታንዳርድ ዲዳክሽን 25,100 ዶላር ነበር። የእኔ የዓመቱ ክፍያ፣ 10,680 ዶላር፣ እዚያው ውሃ በላው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ተቀንሶልኛል» ብዬ ተኝቼ አደርኩ።

በ2022 የራሴን ትራክ ገዛሁ፤ ያገለገለ፣ 62,000 ዶላር። ይሄ የኩራቴ ዓመት ነው፤ ጥፋቴም ያኔ ነው። ባለ ትራክ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ሌሊት ስምንት ዘጠኝ ሆነን ስልክ ላይ ኮንፈረንስ ገብተን ስናወራ ነው የምንነዳው። እዚያ ላይ የተነገረው ሁሉ ሕግ ነው። በዚያ ሰሞን ወሬው አንድ ብቻ ነበር፦ ትራክ የገዛ ሰው ዋጋውን ሙሉውን በዚያው ዓመት ያስቀንሳል። እውነትም በ2022 መቶ በመቶ ማስቀነስ ይቻል ነበር። ጋሼን «ዜሮ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ናፍጣው፣ የትራኩ ኢንሹራንስ፣ ጥገናውና የመንገድ ቀለቡ ሲነሳ 67,000 ገደማ ይቀረኝ ነበር፤ ትራኩ 62,000ውን ጠራረገው። የተጣራ ትርፍ 5,000 ዶላር። ኮንፈረንስ ላይ ገብቼ ተኩራራሁ።

በዚያው ወር፣ ኤፕሪል 2023፣ አንዱ ጓደኛችን ስለ አይአርኤ አወራ። እውነቱን ልናገር፣ አይአርኤ ሲባል የታክስ መሥሪያ ቤቱ የአይአርኤስ ነገር መስሎኝ ነበር፤ ገንዘቤን ለመንግሥት አስቀምጬ ልበላ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። የራስ የጡረታ ሒሳብ መሆኑን ሲያስረዳኝ፣ ያስቀመጥከው ከገቢህ ይቀነሳል ሲለኝ፣ ትራዲሽናል አይአርኤ ከፍቼ ለ2022 የሚፈቀደውን 6,000 ዶላር በአንዴ ጣልኩ። ታክሱ አስቀድሞ ገብቷል። ለጋሼም አልነገርኳቸውም። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውልም አልመረጥኩም፤ ከዓመት በኋላ ከፍቼ ሳየው እንዲሁ በጥሬው ተቀምጦ ነበር። አይአርኤ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ነው እንጂ ዕቃው አይደለም፤ ውስጡ የሚገባውን ፈንድ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

በ2023 ኦገስት ባለቤቴ ሆስፒታል ሥራ ጀመረች። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ለቤተሰብ የሚሆን ኢንሹራንስ አቀረቡላት። ያኔ የእኛው በወር 1,020 ዶላር ደርሶ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን አየነው፤ ዓመቱ ሊያልቅ ነው፣ ዲዳክቲብላችንን፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችን የሚወጣውን፣ ጨርሰናል፣ የልጅቷም ሐኪም የለመደችው ነው አልንና አንቀበልም ብላ ፈረመች። ይህች ፊርማ በኋላ ትመጣለች።

ነገሩ ሁሉ የተገለጠው በአጋጣሚ ነው። በ2024 ጋሼ አገር ቤት ገብተው ስለዘገዩ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደ አንዲት እናት መሩኝ፤ ኢንሮልድ ኤጀንት ናቸው፣ አይአርኤስ ፊት ለሰው መቆም የሚያስችል ፈቃድ አላቸው። ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጎኑ ጀበና። ፌስታሌን ገፋ አደረጉና «መጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ዓመት ታክስ አሳየኝ» አሉ። ቢጫ ማርከር ይዘው ስኬጁል 1 የሚባለውን ሁለተኛ ገጽ፣ ተቀናሾቹ የሚጻፉበትን፣ አወጡ። መስመር 16 ላይ ማርከሩን አሳረፉ፤ ባዶ። መስመር 17፤ ባዶ። መስመር 20፤ ባዶ። ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ኢንሹራንስ የለህም እንዴ?» አሉኝ።

ያን ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። በራሱ የሚሠራ ሰው ለራሱ፣ ለባለቤቱ፣ ለጥገኞቹና ዓመቱ ሲያልቅ 27 ዓመት ላልሞላው ልጁ የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ፣ የጥርስና የዓይኑም ጭምር፣ መስመር 17 ላይ ይገባል። ከስታንዳርድ ዲዳክሽኑ ጋር አይፎካከርም፤ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ዕድሜያችሁ ገፍቶ ሜዲኬር ላይ ሆናችሁ እየነዳችሁ ከሆነ የሜዲኬር ወርሃዊ ክፍያም ይቆጠራል። አሁን ስሌቱ ፎርም 7206 የሚባል የራሱ ወረቀት አለው። መስመር 20 የአይአርኤው ነው፤ 16 ደግሞ ያኔ ገና የማላውቀው ሴፕ የሚባለው የጡረታ ሒሳብ። በገበያው በኩል በድጎማ የገዛችሁ ከሆነ ግን የምታስቀንሱት ከኪሳችሁ የወጣውን ብቻ ነው፤ ድጎማውና ተቀናሹ እርስ በርሳቸው ስለሚነካኩ ስሌቱን በእጅ አትሞክሩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቅር አለኝ። ኢንሹራንሱ የገቢ ታክሱን ይቀንሳል እንጂ ሰልፍ ኢምፕሎይመንት የሚባለውን፣ በራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለውን 15.3 ከመቶ አይነካውም። አይአርኤውም እንደዚያው። እኔ የሥራ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ስኬጁል ሲ ላይ ከናፍጣው ጋር ለምን አይገባም ብዬ ተከራከርኩ። «ናፍጣ የሚጠጣው ትራኩ ነው፤ መድኃኒት የምትውጠው አንተ ነህ» አሉኝ፤ ሳቅን፤ ቡና ቀዱልኝ። ኢንሹራንሳችሁን ስኬጁል ሲ ላይ እየጻፈ ታክሳችሁን የሚያሳንስላችሁ ሰው ካለ፣ ደብዳቤ እስኪመጣ ነው።

2021ን ማረም ቀላል ሆነ። ፎርም 1040-ኤክስ ሞልተው 10,680ውን በቦታው አስገቡት። ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ድረስ ማረም ይቻላል፤ ከጊዜው ቀድማችሁ ያስገባችሁት የሚቆጠረው ከመጨረሻው ቀን ነው። ከፌዴራሉ 900 ዶላር ገደማ፣ ከሜሪላንድና ከካውንቲው 800 የሚጠጋ የሚመለስ ሆነ። የስቴቱን አትርሱ፤ ሜሪላንድ የራሱ ማረሚያ ወረቀት አለው፣ ፌዴራሉን አርማችሁ እሱን ከተዋችሁት ግማሹን ትታችሁታል። ቼኩ ወራት ፈጅቶ መጣ፤ ከነወለዱ።

2022 ላይ ሲደርሱ ማርከሩን አስቀመጡት።

የኢንሹራንስ ተቀናሽ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም ኢንሹራንሱን የያዘው ሥራ የተጣራ ትርፍ ነው። ከትርፉ ላይ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ግማሽ ይነሳል፣ ለሴፕ ያስገባችሁት ካለም ይነሳል፣ ከሚቀረው በላይ ማስቀነስ አይቻልም። የእኔ 5,000 ሲሰላ 4,647 ሆነ። በዚያ ዓመት የከፈልኩት 980 በወር፣ 11,760 ዶላር ነው። የተረፈው ከሰባት ሺህ በላይ ለሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም። እሱም ይቅር፤ 4,647ቷ ራሷ ምን ትሠራለች? ስታንዳርድ ዲዳክሽኑ 25,900 ነው፤ የገቢ ታክሴ ቀድሞውኑ ዜሮ ነበር። ከዜሮ ላይ ምን ይቀነሳል! ትራኩን በሙሉ በአንድ ዓመት ስበላው ስታንዳርዱንም ኢንሹራንሱንም አብሬ በላሁት። ዋጋውን በዓመታት ከፋፍዬ ብቀንሰው ኖሮ በ2023 እና በ2024 የሚያግዘኝ ይኖር ነበር።

አይአርኤው ባሰ። አይአርኤ ውስጥ ማስገባት የሚቻለው ሠርተህ ካገኘኸው አይበልጥም። ወረቀቱ ላይ ያገኘሁት 4,647፣ ያስገባሁት 6,000። ከልክ ያለፈው 1,353 ዶላር ያለ ቦታው የገባ ገንዘብ ነው፤ እስኪወጣ ወይም እስኪስተካከል ድረስ በየዓመቱ 6 ከመቶ ይቀጣል። እስከ ኦክቶበር 2023 ነቅቼ ቢሆን ከነትርፉ አውጥቼ ያለዚያ ቅጣት እገላገል ነበር። አልነቃሁም። ባለቤቴ በዚያ ዓመት ሥራ ላይ ብትሆን የእሷ ደመወዝ ያድነኝ ነበር፤ ባልና ሚስት አብረው ሲያስገቡ የአንዱ ገቢ ለሌላው አይአርኤ ይበቃል፤ እሷ ግን ልጅ ይዛ ቤት ነበረች። ለ2022 ወደ 81 ዶላር ቅጣት ከፈልኩ። 81 ዶላር ትንሽ ናት፤ ያላወቀ ሰው ግን በየዓመቱ ይከፍላታል።

እሳቸው ያደረጉት እንዲህ ነው። 1,353ቱን የ2023 ድርሻ ውስጥ አስቆጠሩት፤ የ2023 ጣሪያ 6,500 ስለሆነ ለዚያ ዓመት 5,147 ብቻ ጨምር አሉኝ። የ2022ዋን 4,647 ደግሞ እንደማልቀንሳት ፎርም 8606 ላይ አስመዘገቡ፤ ታክስ ዜሮ በሆነበት ዓመት መቀነሷ ስለማይጠቅም፣ ቢያንስ በጡረታ ጊዜ ሳወጣት ዳግመኛ ታክስ እንዳትከፈልባት። «በእንዲህ ያለ ዓመት የሚያዋጣው ሮዝ ነበር» አሉ። ሮዝ አይአርኤ ዛሬ ምንም አያስቀንስም፣ በኋላ ግን በደንቡ ሲወጣ ታክስ የለበትም። ታክሳችሁ ዜሮ በሆነበት ዓመት ትራዲሽናል ማስገባት ያልተሰጣችሁን ቅናሽ መጠበቅ ነው።

አንድ ወረቀት ደግሞ ራሴ ቤት ሄጄ አየሁ። የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቤን በኢንተርኔት ከፈትኩት። ለጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፣ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። በ2022 አንዱ ክሬዲት በ1,510 ዶላር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከባልቲሞር ሎስ አንጀለስ እየተመላለስኩ ያገኘሁት ሦስት ክሬዲት ነው። ለባለቤቴ አሳየኋት፤ ምንም አላለችም፣ ሻይ አፈላች።

አሁን ወደ ፊርማዋ እንመለስ። የ2023 ሲሠራ ትርፌ 74,000 ነበር፤ ጣሪያው ሰፊ ነው፣ ሙሉ 12,240 ዶላር ይቀነስልኛል ብዬ ደስ ብሎኛል። እሳቸው ብዕራቸውን አንስተው «ባለቤትህ የት ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ኢንሹራንስ አቅርበውላት ነበር?» አዎ፣ ግን አልወሰድነውም። «ከመቼ ጀምሮ?» ከሴፕቴምበር። አራት ወር ሰረዙ። አሠሪ በሚደጉመው ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት በምትችሉበት ወር፣ በራሳችሁም ይሁን በትዳር ጓደኛችሁ በኩል፣ ብትገቡም ባትገቡም፣ የዚያ ወር ክፍያ መስመር 17 ላይ አይገባም። የሚታየው በወር በወር ነው። 4,080 ዶላር ወጣ፣ 8,160 ቀረ። ይህን ሕግ ከመቶ ባለ ትራክ አንዱ የሚያውቀው አይመስለኝም፤ ኮንፈረንሳችን ላይ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም። የአሠሪዋን ብንወስድ ይሻለን እንደነበር በኋላ አሰብነው፤ ግን ያኔ የሁለቱን ዋጋ ስናወዳድር ታክሱን አልጨመርንበትም ነበር። የባለቤታችሁ መሥሪያ ቤት የምርጫ ወረቀት ሲመጣ፣ የራሳችሁን ኢንሹራንስ ዋጋ ያለ ታክስ ቅናሽ አስቡት፤ ምክንያቱም ወረቀቱ በመምጣቱ ብቻ ቅናሹ ጠፍቷል።

5,147ቷን ያስገባሁት ኤፕሪል 11 ቀን 2024፣ ብሪዝዉድ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ትራክ ስቶፕ ቆሜ በስልኬ ነው። አንድ እጄ ሳንድዊች ይዟል። ላክሁና እፎይ አልኩ። ማታ ማረጋገጫውን ሳነበው «የ2024 መዋጮ» ይላል። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ድረስ የሚገባ ገንዘብ ላለፈው ዓመትም ለያዝነውም ሊሆን ይችላል፤ ምረጥ የሚለውን ቦታ ሳላይ አልፌዋለሁ፤ የያዝነው ዓመት ራሱ ተመርጦ ነበር የጠበቀኝ። በማግሥቱ ደውዬ የመጨረሻው ቀን ሳያልፍ አስቀየርኩት። ኤፕሪል 15 ካለፈ የአይአርኤው በር ይዘጋል፤ ታክስ የማስገቢያ ጊዜ ማራዘሚያ ብትጠይቁም አይከፈትላችሁም። የምትልኩበትን ዓመት አንብቡ፤ ማረጋገጫውን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

ሴፕ ግን የራሱ ቀን አለው፤ የእኔ ትልቁ ትርፍም እሱ ሆነ። በራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍተው የጡረታ ሒሳብ ነው፤ ከተጣራው ትርፍ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክሱ ግማሽ ከተነሳ በኋላ ከቀረው ወደ 20 ከመቶ ይፈቅዳል። ለእኔ 13,754 ዶላር ያህል ማለት ነው። ግን ኤፕሪል ላይ ከየት አምጥቼ? ዕቁቤ ገና ነበር። «ዕቁብህ መቼ ነው?» አሉኝ፤ ኦገስት። ማራዘሚያ በፎርም 4868 ጠየቁልኝ፤ ሴፕን እስከተራዘመው ቀን፣ እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ መክፈትም ማስገባትም ይቻላል። ማራዘሚያው ወረቀቱን ነው የሚያራዝመው፣ ክፍያውን አይደለም፤ ስለዚህ ታክሱን ገምተን ኤፕሪል ላይ ከፈልኩ። ዕቁቡ ሲደርሰኝ 9,000 ዶላር ሴፕ ውስጥ ገባ። ድሮ ዕቁብ ሲደርሰኝ ለጎማ ነበር የማውለው። ሴፕ ያለው ሰው በሥራ ቦታው ጡረታ እንዳለው ይቆጠራል፤ ገቢያችሁ ከፍ ካለ የአይአርኤው ቅናሽ ሊቀንስ ይችላል። በ2023 ለባልና ሚስት ከ116,000 ጀምሮ ነበር የሚሸረሸረው፤ እኛ ከዚያ በታች ነበርን።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሁለቱን ብቻ ልበል። ኢንሹራንስ በየወሩ የከፈላችሁበትን ከባንክ አውጥታችሁ ለየብቻ አስቀምጡ፤ ከናፍጣ ደረሰኝ ጋር አትደባልቁት። ታክሳችሁን ማንም ይሥራላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስኬጁል 1ን አስወጥታችሁ 16፣ 17 እና 20ን በጣታችሁ እየነካችሁ ጠይቁ። የአይአርኤው ጣሪያ ለ2025 7,000 ነው፣ ለ2026 ደግሞ 7,500፤ 50 ዓመት ለሞላው ትንሽ ይጨመራል።

ከጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ንብረት መቶ በመቶ ማስቀነሱ ተመልሶ መጥቷል፤ ኮንፈረንሱም የድሮ ወሬውን ጀምሯል። በቀደም ሌሊት ኦሃዮ ላይ እየነዳሁ አንዱ ጓደኛችን አዲስ ትራክ ሊገዛ መሆኑን፣ ዜሮ ሊያስደርግ መሆኑን ሲናገር ሰማሁ። ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ አለው። እኔም አልኩት። ከዚያ ግን «ስማ እስቲ፣ ሚስትህ የት ነው የምትሠራው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ስልኩ ላይ ዝም ዝም ሆነ። «ምነው ወንድሜ» አለኝ፣ «ምን አገናኘው?»